እግር ግማሹን ይከፍላል፣ ደብተር ቀሪውን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሱሉልታና በሰንዳፋ አካባቢ ሯጭ ተማሪዎችን የምናስተምርና የምናሰለጥን መምህራን ነን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሱሉልታ ሜዳ ከሚሮጡት ልጆች ብዙዎቹ ዩኒፎርማቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። ልምምዱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ክፍል አይገቡም። «ሰዓትህ ካማረ አሜሪካ ራሷ ትወስድሃለች፤ ማርክ ምን ያደርግልሃል?» እየተባሉ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የሚቀሩ አሉ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ልጁን ምን እንደሚያስከፍለው ወላጆች በቁጥር ሊያውቁት ይገባል።

በአሜሪካ ኮሌጆች ሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። አሰልጣኙ የተመደበለትን ገንዘብ ለብዙ ሯጮች ይሸነሽነዋል። ኤንሲኤኤ በሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ከፍተኛው ደረጃ በሆነው በዲቪዥን አንድ፣ ለረጅም ዘመን የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ በአንድ ላይ የነበራቸው ድርሻ የ12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል፣ የሴቶቹ 18 ነበር። ማኅበሩ ከአትሌቶች ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ጣሪያ ተነስቶ በቡድን አባላት ቁጥር ገደብ ተተክቷል፤ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለአትሌቲክስ 45 ሰው። ጣሪያው ተነሳ ማለት ግን ገንዘቡ በዛ ማለት አይደለም። ስለዚህ ልጁ ከአሰልጣኙ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፊል ነው። ቀሪውን የሚሞላው በትምህርት ውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በዲቪዥን አንድ፣ ከስፖርት ጋር ግንኙነት የሌለው የትምህርት ስኮላርሺፕ በቡድኑ ኮታ ላይ አይቆጠርም። ሰዓታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ልጆች መካከል አሰልጣኙ ማርክ ያለውን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ ያመጣዋል።

ለምሳሌ የአንድ ዓመት ወጪው 42,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ እንውሰድ፦ ትምህርት ክፍያ 26,000፣ መኝታና ምግብ 12,000፣ መጽሐፍ፣ የጤና መድንና ሌላው 4,000። አሰልጣኙ 18,000 ሰጠ እንበል። ልጁ በማርኩ 14,000 ካገኘ ድምሩ 32,000 ይሆናል፤ ቤተሰቡ የሚሞላው 10,000 ነው። ማርክ ከሌለው ጉድለቱ 24,000 ይሆናል፤ ኮሌጁም ጉድለቱ ከየት እንደሚሸፈን በባንክ ማስረጃ ካላየ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 ቅጽ አይሰጥም። ብዙ ዕድል የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ግብርም አለ። ለትምህርት ክፍያና ለታዘዘ መጽሐፍ የዋለ ስኮላርሺፕ አይነካም፤ ለመኝታና ለምግብ ከሄደው ግን በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የገባ ልጅ 14 በመቶ ይቆረጥበታል። በምሳሌያችን ከትምህርት ክፍያው ተርፎ ለመኝታና ምግብ የዋለው 6,000 ቢሆን 840 ዶላር ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው አይገኝም።

ሁለቱ ስኮላርሺፖች በየትኛውም ቦታ ይደመራሉ ማለትም አይደለም። አንዳንድ ኮሌጅ የስፖርቱ ሲጨመር የትምህርቱን ይቀንሳል፤ ሌላው የትምህርቱን ለትምህርት ክፍያ ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለአሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮውም በኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የአትሌቲክሱ ድጋፍ ሲጨመር የትምህርቱ ይቀነሳል ወይ? በየዓመቱ ለመታደስ ስንት ጂፒኤ (ከ4.0 የሚሰላ አማካይ ውጤት) ይጠይቃል? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይዘነጋል። ለመሮጥ የሚጠየቀው ውጤት ዝቅተኛ ነው። የትምህርቱ ስኮላርሺፕ ግን 3.0 የሚጠይቅ ከሆነ፣ 2.6 ያመጣ ልጅ መሮጡን እየቀጠለ 14,000 ዶላሩን ያጣል።

ዲቪዥን ሦስት ለሩጫ ምንም ገንዘብ አይሰጥም፤ እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ድጋፋቸው በቤተሰብ አቅም የሚወሰን ሲሆን መግቢያው ትምህርት ነው። እጅግ ጎበዝ ተማሪ የሆነ ሯጭ እነዚህን ከዝርዝሩ አያውጣ። ዲቪዥን ሁለትና ኤንኤአይኤ በተባለው ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ውስጥ ያሉ ኮሌጆችም ከፊል የሩጫ ስኮላርሺፕ ስለሚሰጡ አይናቁ።

ወደ ብቁነት ስንመጣ፣ ኤንሲኤኤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ ከተወሰዱት 16 ዋና ትምህርቶችን ይቆጥራል፤ ለዲቪዥን አንድ በእነዚህ ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 አማካይ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ በእኛ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ዓይነቱን ማሟላት ቀላል ነው። የሚጎዳው የተዘለለ ዓመት ነው። ዲቪዥን አንድ የሚቆጥረው 9ኛ ክፍል ከተጀመረበት በአራት ተከታታይ ዓመታት የተወሰደውን ነው። ልጁ 10ኛ ክፍልን አቋርጦ አንድ ዓመት ካምፕ ቢቀመጥና ተመልሶ ቢማር፣ የመጨረሻው ዓመት ማርኩ ላይያዝለት ይችላል። ልጆችን ከክፍል አውጥተው ካምፕ የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ሊያውቁ ይገባል፤ እያወቁ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ይበልጥ ከባድ ነው።

ጊዜውን ማስላት ሌላው ራስ ምታት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሰኔና በሐምሌ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲመጣ መስከረም ይሆናል። የአሜሪካ ትምህርት ደግሞ በነሐሴ ይከፈታል። ስለዚህ ልጁ ውጤቱን ይዞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አመልክቶ በሚቀጥለው ነሐሴ መግባት ይኖርበታል፤ ብዙ ኮሌጆች የትምህርት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚዘጉትም በእነዚህ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ሕግ ዲቪዥን አንድ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ይታገሥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በውድድር ያለፈ ዓመት ከመሮጫ ዘመኑ ላይ ይቀነስ ነበር። በዚያ የመጠበቂያ ዓመት ሁለት ነገር አይደረግ። አንደኛው እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ መመዝገብ ነው። ከተመዘገበ ዘመኑ መቆጠር ይጀምራል፤ ልጁም እንደ ተዛዋሪ ስለሚታይ ለአዲስ ገቢ የተመደበውን ትልቁን የትምህርት ስኮላርሺፕ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ከማናጀር ጋር ውል መፈረም ነው። የጎዳና ሩጫ ሽልማት ቢያገኝም ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ኮሌጁን በጽሑፍ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ትራንስክሪፕቱ። አንድ ልጅ ጥር 12 ቀን 2000 ተወለደ እንበል፤ በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 21 ቀን 2008 ነው። ጸሐፊው ሳይቀይር «12/05/2000» ብሎ ከጻፈው፣ ወርን አስቀድሞ የሚያነበው አሜሪካዊ ዲሴምበር 5 ቀን 2000 ይለዋል። ልጁ በአንድ መስመር ሰባት ዓመት አረጀ! ፓስፖርቱ ሌላ ስለሚል ፋይሉ ለወራት ይታገዳል። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱ፣ ትራንስክሪፕቱና በአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የተመዘገበው ቀን አንድ ይሁን፤ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ትምህርት የጨረሰበት ዓመትም በሁለቱም አቆጣጠር ይስፈር።

ሰዓትን በተመለከተ፣ በእጅ የተያዘ የልምምድ ሰዓት ክብደት የለውም። በኤሌክትሮኒክ የተለካ የ1,500 ወይም የ5,000 ሜትር የመም ውጤት፣ ቀኑና የቦታው ከፍታ ተጽፎ ይላክ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ያንን የማያይ አሰልጣኝ የልጁን ሰዓት ዝቅ አድርጎ ይገምታል። ሌላው፣ የኮሌጅ አሰልጣኝ ልጅ ለመመልመል ገንዘብ አይቀበልም፤ ብር የጠየቀ ሁሉ ደላላ ነው።

ከትምህርት ቤቶች የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ለሯጭ ተማሪ የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ማርክ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ መዝገብ ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ በፊት ይሰጠው። ነሐሴ ላይ ሲመጣ ፈራሚው ዕረፍት ላይ ነው።

በሱሉልታና በሰንዳፋ አካባቢ የምንሠራ መምህራንና አሰልጣኞች