ለ20 ሚኒባሶች የኋላ ወንበር ቀበቶ ለመግጠም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጎጃምም ሆነ ከጎጃም ውጭ ላላችሁ ወገኖቻችን፤

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸናና ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመላለሱ 20 ሚኒባሶች ላይ የኋላ ወንበር ቀበቶ ልንገጥም ነው። ጋቢና ያለው ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ በመሆኑ ጥገና ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ ከኋላ ባሉት 9 ወንበሮች ላይ ነው። አንዳንዱ መኪና ጨርሶ የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩ አዲስ ልብስ ሲለብስ ቀበቶው ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም፣ ያልታሰረ ተሳፋሪ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ከ10 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ይኸው ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ወደ 25 ሜትር ይደርሳል። ከኋላ የተወረወረው ሰው ጋቢና ያለውን፣ ቀበቶውን በደንብ ያሰረውን ሰው ሳይቀር ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ «ሾፌሩና ጋቢና ያሉት ካሰሩ ይበቃል» የሚባለው አያስኬድም። ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ በሚወረድበት ቁልቁለት ፍሬን ግሎ እምቢ ካለና መኪናው ከተገለበጠ ደግሞ፣ ከሁሉ የከፋው በመስኮት ወጥቶ መኪናው ሥር መግባት ነው። ቀበቶ መጀመሪያ የሚከለክለው ይህን ነው።

የአደጋው ወጪ በየቤቱ ተበታትኖ ስለሚከፈል ሂሳቡ አይታየንም እንጂ ሁላችንም እየከፈልን ነው። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ቀዶ ሕክምና፣ አጥንቱን የሚያቆም ብረት፣ ደም፣ ከዚያም የወራት ክራንች ይጠብቀዋል። አስታማሚው እርሻውን ጥሎ ይቀመጣል፤ አጨዳ ላይ ከሆነ ጤፉ ይረግፋል፣ በሬው ይሸጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል። ለወላድ የሚፈለገው አምቡላንስና አልጋም በአደጋ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመንገድ አደጋ በአብዛኞቹ አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 3 በመቶ ያህሉን ይወስዳል።

ለአንድ ወንበር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ስፋቱ ከ46 ሚሊ ሜትር የማያንስ አንድ ባለ ሁለት ነጥብ የወገብ ቀበቶ፣ ለቀበቶ ተብለው የተሠሩ ሁለት የ7/16 ኢንች ቡሎኖች፣ ሁለት የማይላላ ዳዶ፣ አራት ሮንዴላ፣ እንዲሁም 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ጠርዙ የተሞረደ ሁለት ላሜራ። ለ20 መኪና 180 ቀበቶ፣ 360 ቡሎንና 360 ላሜራ ይሆናል።

ብዙ ሰው መርዳት የሚፈልገው ቀበቶውን ነው፤ የሚታየው እሱ ነዋ። ግን ቀበቶ ከታሰረበት ነገር አይበልጥም። ወለሉ ቀጭን ቆርቆሮ ስለሆነ ቡሎኑ ብቻውን ቢገባ በግጭት ጊዜ ቀዳዳውን ቀድዶት ይወጣል። ላሜራው ከወለሉ ሥር የሚቀመጠው ጫናውን ሰፋ ባለ ቦታ ለመበተን ነው፤ ጠርዙ ካልተሞረደ ግን ወለሉን ራሱ ይቆርጠዋል። ወንበሩ በቪቴ ብቻ የተያዘ ከሆነ ቀበቶውን ከወንበሩ እግር ጋር ማሰር ሰውየውን ከነወንበሩ መወርወር ነውና መጀመሪያ ወንበሩ ራሱ በቡሎን ይታሰራል። ቀጭን ወለል ላይ ዳዶ መበየድም አይሆንም፣ ሙቀቱ ዙሪያውን ያደክመዋል። ምንጣፉ ሲገለጥ በፕላስቲክ የተደፈነ የፋብሪካ ቀዳዳ ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው፤ ላሜራም መብሻ ትራፓኖም አያስፈልግም። እዚያ ቀዳዳ ላይ ግን የ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ ሳይዝ ይገባል፣ የ12ቱ ደግሞ በግድ ሲገባ ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ በኢንች 20 ጥርስ ካለው የ7/16 ቡሎን ሌላ አንቀበልም።

በትከሻ የሚያልፈው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንደሚሻል እናውቃለን። ላይኛውን ጫፍ የሚሸከም ምሰሶ ወይም ለዚያ የተሠራ የወንበር ጀርባ ስለሚፈልግ ግን እነዚህ መኪኖች ላይ በአግባቡ መግጠም አይቻልም። ራሱ የሚጠቀለለውንም ትተን በእጅ የሚጠብቀውን የመረጥነው አቧራና ገለባ መጠቅለያውን ስለሚይዘው ነው። የዚህኛው ጉዳቱ ወለል ላይ ወድቆ መረገጡ ነው፤ ረዳቶች በየጉዞው መጨረሻ ወንበሩ ላይ እንዲቆልፉት ተስማምተናል።

ከዕቃው ጎን ለእያንዳንዱ መኪና አንድ የአጠቃቀም ሥዕል እናሳትማለን። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጣል፤ ነፍሰ ጡርም ከሆዷ በታች ታስራለች። ጋቢ ወይም በርኖስ የለበሰ ሰው ልብሱን ገለጥ አድርጎ ከሥር ይሰር፤ በጋቢ ላይ የታሰረ ቀበቶ ጠበቀ ሲሉት ላልቶ ይገኛል። ሕፃንን ታቅፎ ቀበቶውን በሁለቱ ላይ ማዞር ክልክል ነው፣ በግጭት የአዋቂው ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል።

በገንዘብ ለምትረዱ፣ የአንድ ወንበር ሙሉ ዕቃ ዋጋና የሂሳብ ቁጥሩ መናኸሪያው ትኬት መቁረጫ ላይ ተለጥፏል፤ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ሲሆን ደረሰኙም እዚያው ይለጠፋል። ላሜራ መቁረጥ ወይም ትራፓኖ ማዋስ የምትችሉ ጋራዦች የሥራ ቀናችሁን ብቻ ንገሩን። ያገለገለ ቀበቶ ግን አታምጡ። ግጭት ያየ ቀበቶ ክሩ ተለጥጧል፣ በባትሪ አሲድ ወይም በበረኪና የተነካውም ደህና መስሎ ይበጠሳል፤ ልብስ ሰፊ የጠገነውንም ቆርጠን እንጥለዋለን።