ከግቢው ጥግ አፈር ይተውላቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ ትምህርት ቤት ግቢዎች

በጎንደር ከተማ ልጅ የሚጫወትበት መሬት እየጠበበ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ለብሰዋል። ከጭቃና ከአቧራ መገላገላችን እሰየው ነው፤ ግን ኮብልስቶን ላይ ገበጣ አይቆፈርም፣ ብይ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይሰነቀራል፣ የሰኞ ማክሰኞ መስመርም ቀጥ ብሎ አይሰመርም። በዚያ ላይ ባጃጁ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። የቀረው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። እሱም ሲሚንቶ እየለበሰ ነው፤ የእረፍቱ ሰዓትም የተቋረጠውን ትምህርት ለማካካስ እየተባለ ይቆረጣል። ከኦ-ክፍልና ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር የምንውል መምህራን ይህን የምንጽፈው፣ የሚቆረጠው ራሱ ትምህርት መሆኑን ለወላጆችና ለርዕሳነ መምህራን ለማስረዳት ነው።

ቅልብልቦሽን እንውሰድ። የሚያስፈልገው አምስት ጠጠር ነው። አንዱ ወደ ላይ ይወረወራል፤ እሱ እስኪወርድ መሬት ላይ ያሉት አራቱ በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱም ባንዴ ይታፈሳሉ፤ የተወረወረውም ይቀለባል። አራት ማለት ሁለትና ሁለት፣ ወይም ሦስትና አንድ ነው እያልን በሰሌዳ የምናስተምረውን፣ ይህን የተጫወተች ልጅ በጣቷ አውቃው ትመጣለች። ጠጠሩን የሚለቅሙት ሦስት ጣቶችም እርሳስ የሚይዙት ናቸው። የጀማሪ ችግር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በክንዱ ስለሚወረውር ጠጠሩ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ዓይኑም ጠጠሩን ትቶ እጁን ይከተላል። ከአገጩ ከፍታ በላይ እንዳይወረውር ማድረግ፣ መጀመሪያም በሁለት ጠጠር ብቻ ማለማመድ ይበቃል። ድቡልቡል ጠጠር ይንከባለላል፣ ስለታሙ መዳፍ ይቦጫጭራል፤ ከባቄላ ፍሬ ከፍ የሚል፣ ጠርዙ የሞተ ይመረጥ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አጠገብ ግን ጠጠር አይተው፤ ወደ አፉ ይከተዋል።

የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ባለ ሁለት ረድፉ 12 ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ጉድጓዱ የልጅ ጡጫ የሚያህል፣ ጥልቀቱ ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ጥልቀት ካነሰው ጠጠሩ እየዘለለ ይወጣል፤ በጉድጓዶቹ መካከል ሦስት ጣት ያህል ካልተተወ ይናዳል። በበጋ አፈሩ ስለሚፈረፈር ዋዜማውን ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ለክረምት 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን ያገለግላል፦ 5 በ6 ስለሆነ ሁለት ሁለት ረድፍ ሲቆረጥ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል፤ አምስተኛው ረድፍ የተበላ ጠጠር ማስቀመጫ ይሆናል። የዚህ ጨዋታ ዋና ትምህርት ያለው ጠጠሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። 5 ጠጠር አንስቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ የሚጥል ልጅ የመጨረሻዋ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ እንደምታርፍ አስቀድሞ ማየት አለበት፤ 12 ካነሳ ደግሞ የመጨረሻዋ ዞራ የተነሳችበት ጉድጓድ ላይ ትወድቃለች። ለአምስት ዓመት ልጅ 48 ይበዛበታል፤ በየጉድጓዱ በ2 ይጀምር።

ሰኞ ማክሰኞ የሚበላሸው በልኩ ነው። የአንዱ ቤት ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከጠበበ ልጁ መስመር እየረገጠ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከሰፋ በአንድ እግር አይደርስም። የአራት ዓመት ልጅ በአንድ እግሩ መዝለል ገና እየለመደ ስለሆነ በሁለት እግሩ ይዝለል። የሚወረወረው ጠፍጣፋ ገል ነው፤ ድንጋይ ተንከባሎ ከቤቱ ይወጣል።

ረግጠሻል፣ አልረገጥኩም የሚለው ጭቅጭቅ ሲነሳ ትልቅ ሰው ዳኛ አይሁን። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት የስዊዘርላንድ ልጆችን ስለ ብይ ሕግ ጠይቆ ነበር። ትንንሾቹ ሕግ ከትልልቅ ሰዎች የመጣና የማይነካ ነገር ይመስላቸዋል፤ ወደ 10 እና 11 ዓመት የደረሱት ግን ሁሉም ከተስማማ ሊለወጥ እንደሚችል ይረዳሉ። ለዚህ የሚያበቃቸው ከእኩዮቻቸው ጋር መከራከሩና መስማማቱ ነው ብሎም ያምን ነበር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚሉት አባቶቻችንም በጨዋታ ሕግ ፊት ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸውን ያውቁ ነበር። መምህሩ ሕጋችሁ ምን ይላል ብሎ ይጠይቅና ይራቅ። መግባት ያለበት ዱላ ሲነሳ ወይም አንድ ልጅ በየቀኑ አትጫወትም እየተባለ ሲገለል ነው።

ዝናብ ሲይዝ እንቆቅልሽ አለ። መልሱን ያጣ ልጅ ሀገር ስጠኝ ሲባል ደምቢያን፣ ወገራን፣ በለሳን ይሰጣል። አንዴ የተሰጠ ሀገር ሁለተኛ አይሰጥም የሚል ሕግ ቢጨመር፣ ልጆቹ አዲስ ስም ፍለጋ ቤታቸው ገብተው አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ። ካርታ ሳይዙ ሀገር ማወቅ እንደዚህ ነው የሚጀመረው።

ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ መሆን አለበት። ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ከግቢው 8 በ10 ሜትር ያህል ሳይነጠፍ ይቅር። ከተማችን ተዳፋት ስለሚበዛው ቦታው ሜዳ ካልሆነ በድንጋይ ተደግፎ ይስተካከል፤ ጎርፉም በቦይ ወደ ጎን ይመለስ። አፈሩ ከመስታወት ስባሪና ከምስማር ይለቀም። እረፍቱ ያልተቆራረጠ 30 ደቂቃ ይሁን፤ 15ቱ በውሃ፣ በመጸዳጃ ቤትና ቡድን በመምረጥ ያልቃል። ግቢ ለማስነጠፍ ያቀዱ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ያሉ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች፣ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ይህ ቦታ በካስማና በገመድ እንዲከለል አሁኑኑ ይጠይቁ።

የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ክፍል መምህራን
ጎንደር