የቴሪ ፎክስን ጽናት ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም እንያዝ

ውድ አዘጋጅ፣

በካንሰር ተይዘው ለሌሎች ገንዘብ ስለሚያሰባስቡ ወጣቶች በተጻፈ ቁጥር የካናዳዊው የቴሪ ፎክስ ስም ይነሳል። መነሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ጽናቱ እየሆነ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደተሰበሰበ ሳይነገር ይቀራል። ለታማሚ መዋጮ የሚያስተባብር ሰው ደግሞ አጥብቆ ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ18 ዓመቱ፣ የአጥንት ካንሰር ተገኝቶበት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቆረጠ። የመዳን ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን 15 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር ተነገረው። ልዩነቱን ያመጣው ምርምር መሆኑን ሲረዳ፣ ካናዳን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ አቋርጦ ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ ገንዘቡም ለካንሰር ምርምር ብቻ እንዲውል ወሰነ። ዓላማው አንድ ስለነበር ሰጪው ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ከመነሳቱ በፊት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ልምምድ ሮጧል። የካናዳ ካንሰር ማኅበርም ዝም ብሎ አልተቀበለውም፤ ስፖንሰርና የሐኪም ማስረጃ አምጣ አለው። ፎርድ መኪና፣ ኢምፔሪያል ኦይል ነዳጅ፣ አዲዳስ ጫማ ሰጡ። ምርታችንን አስተዋውቅልን ያሉትን ግን አልተቀበለም።

ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ከካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ከሴንት ጆንስ ተነስቶ በቀን 42 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ጀመረ። በደህናው እግሩ ሁለቴ እየነጠረ በሰው ሠራሹ አንዴ ይረግጣል፤ የሰው ሠራሹ እግር ስፕሪንግ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልግ ነበርና። ማቀፊያው እየፈተገው የተቆረጠው እግሩ ጫፍ ይላጣል፣ ይደማል። ጓደኛው መኪናውን አንድ ማይል ቀድሞ ያቆማል፤ ቴሪ እዚያ ይደርስና ውኃ ጠጥቶ ለቀጣዩ ማይል ይነሳል።

ትልቁ ትምህርት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፖርት ኦ ባስክ የምትባል 10,000 ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ 10,000 ዶላር ሰጠችው። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር የሚለው ግብ ከዚያ መጣ፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ ሲገባ ግን ቋንቋውም ስላላገዘው፣ ወሬውም ስላልቀደመው የተሰበሰበው ጥቂት ሆነ። ኦንታሪዮ ላይ የማኅበሩ ሠራተኛ ቢል ቪጋርስ አቀባበሉን አስቀድሞ ማሰናዳት ጀመረ። ጁላይ 11 ቶሮንቶ ውስጥ 10,000 ሰው ወጥቶ በአንድ ቀን 100,000 ዶላር ተሰበሰበ። ሯጩም እግሩም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቀድሞ የሄደው ሰው ነው።

ሴፕቴምበር 1፣ በ143ኛው ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ተንደር ቤይ አጠገብ ቆመ። ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ ነበር። በመንገድ ላይ የሐኪም ክትትሉን ትቶ ነበር፤ ይህን ማንም ወጣት ታማሚ አይከተለው። ወዲያው ሲቲቪ የተባለው ጣቢያ ያደረገው ቴሌቶን (በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የገንዘብ ማሰባሰቢያ) 10.5 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ፤ በፌብሩዋሪ 1981 ድምሩ 24.17 ሚሊዮን ደረሰ፣ የአገሪቱ ሕዝብ 24 ሚሊዮን በነበረበት ጊዜ። ቴሪ በዚያው ዓመት ጁን 28 በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ በየዓመቱ የሚደረገው ሩጫ አሸናፊ የለውም፣ የመመዝገቢያ ክፍያም የለውም፤ እስካሁን ከ850 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ አስገብቷል።

ወደ እኛ መዋጮዎች ስንመለስ፣ ብዙዎቹ የሚበላሹት ከመነሻቸው ነው። ግቡ በግምት አይጻፍ፤ የሆስፒታሉ ፕሮፎርማ ከነቀኑ ይለጠፍ። የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያው ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ወዳለ የባንክ ሒሳብ ስለማይከፍል፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ውጭ ያለ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከታማሚው ጋር ያለው ዝምድና፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚላክ አስቀድሞ ይነገር። በአሜሪካና በካናዳ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፤ ከ5 ዶላር 45 ሳንቲም ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በዕድር የሚሰበሰበው ትንንሽ ገንዘብ ስም ዝርዝር ተይዞለት በአንድ ላይ ቢገባ ይሻላል። አገር ቤት የሚከፈተው ሒሳብ ደግሞ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ወጪ በወጣ ቁጥር ደረሰኙ ይለጠፍ።

ታማሚው ራሱ ሰው ፊት ቀርቦ የሚናገር ከሆነ ቀኑን የሚወስነው የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መርሐ ግብሩ እንጂ የአዳራሹ ኪራይ መሆን የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ስለሚወርድ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ አደገኛ ነው። ለቀጣዩ ዙር ጥቂት ቀን ሲቀረው ቢሆን ይመረጣል፤ ሐኪሙ ግን ይጠየቅ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ዝግጅቱ ቀርቶ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሰው ሁሉ የሚሸሸው ጥያቄም አለ፤ ገንዘቡ ቢተርፍ፣ ወይም ታማሚው ቢያርፍ ምን ይደረግ? መልሱ መዋጮው በሚጀመርበት ቀን ይጻፍ። ለሌላ ታማሚ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እንደመሠረቱት እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ላለ ድርጅት። ውሳኔው የታማሚው ነውና ለመናገር አቅም ሳለው እሱ ራሱ ይጠየቅ።

የበጎ አድራጎት ሩጫ አስተባባሪዎች
ቶሮንቶ