የመጋዘን የሰው ኃይል ዕቅድ፦ ከሥራው ሰዓት ተነሡ

የተከበራችሁ በጤና ተቋማት የመድኃኒት ስቶር የምትሠሩ አባላት፣

የሰው ኃይል ዕቅድ ስታዘጋጁ በመዋቅሩ ያለውን ክፍት መደብ ቆጥራችሁ አትለፉ። ዊዝን የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት መነሻው የሥራ ጫና ነው፤ ለእኛም የሚበጀን እሱ ነው።

በዓመት ካሉት 260 የሥራ ቀናት ፈቃድ፣ በዓላት፣ ሥልጠናና ሕመም ለምሳሌ 42 ቢወስዱ 218 ይቀራል፤ በ8 ሲባዛ 1,744 ሰዓት፤ አንድ ሠራተኛ በዓመት የሚሠራው ይህን ያህል ነው። ቀጥሎ ሥራውን ለኩ። 400 ዓይነት መድኃኒት በየወሩ ሲቆጠር፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ በወር 20፣ በዓመት 240 ሰዓት ይሆናል። ርክክቡን፣ የቢን ካርድ (የመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) ምዝገባውን፣ ለክፍሎች ማውጣቱንና በየሁለት ወሩ የሚላከውን አርአርኤፍ (የፍጆታ ሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ) እንዲሁ አስሉ። ድምሩ 2,616 ሰዓት ቢመጣ፣ ለ1,744 ሲካፈል 1.5 ሰው ነው፤ 2 ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀረው ቢን ካርዱ ነው፤ ፍጆታው በግምት ይሞላል፣ የሚቀጥለው አቅርቦትም በዚያው ይዛባል።

ቆጠራና አርአርኤፍ የሚገጣጠሙበትን ሳምንት ለብቻው አስሉት፤ አማካዩ ጫናውን ይደብቀዋል። ሰኔ 30 ዓመታዊ ቆጠራ ስላለ በዚያ ሰሞን ፈቃድ አትስጡ። ፋርማሲስቱ ካርቶን ሲያወርድ የሚውል ከሆነ ያንን ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ፤ የጎደለው ፋርማሲስት ሳይሆን የጉልበት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።