አባዬ፣ ፓስወርድህን አልፈልገውም

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «ፓስወርዶቼን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጥሻለሁ፤ የነገን ማን ያውቃል» ብለኸኝ ነበር። ወሬውን ወደ ሌላ ያዞርኩት ነገሩን ንቄ አይደለም። እርግጥ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ይከብደኛል። ግን መልሱም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ረጋ ብለህ እንድታነበው ብዬ ነው የጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግ።

ፓስወርድህን አልፈልገውም አባዬ። ብትሰጠኝም እምብዛም አይጠቅመኝም። ከሌላ ኮምፒውተር ልግባ ስል ጉግል የማረጋገጫ ቁጥር ወደ አንተ ስልክ ሊልክ ይችላል። ስልኩ ከጠፋ ወይም መስመሩ ከተዘጋ፣ ፓስወርዱን ይዤ ደጅ እቀራለሁ። ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ችግር ፓስወርድ ለይቶ አለመክፈቱ ነው፤ ሁሉንም ይከፍታል። ፎቶውን፣ ከጓደኞችህ ጋር የተጻጻፍከውን፣ ለሐኪም የላክኸውን፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ጉግል ላይ የፈለግከውን ሁሉ። ልጅህ ብሆንም ይሄን ሁሉ የማየት መብት የለኝም። አንተም የእኔን ደብዳቤ ከፍተህ አንብበህ አታውቅም።

ጉግል ለዚሁ ብሎ የሠራው ነገር አለ። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ አለ፤ ግን ሴቲንግ ውስጥ ተደብቆ ስለተቀመጠ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» ይሉታል። ስሙ አያስፈራህ። አካውንትህን ለረጅም ጊዜ ካልነካኸው ምን ይደረግ የሚለውን አንተው ቀድመህ የምትወስንበት ቦታ ነው። ጊዜውን ከ3፣ ከ6፣ ከ12 ወይም ከ18 ወር ትመርጣለህ። ጊዜው ሊሞላ ሲል ጉግል መጀመሪያ የሚፈልገው አንተን ነው። በስልክህ መልእክት ይልካል፤ በኢሜይልም ይጽፋል። ብቅ ካልክ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ዝም ካልክ ነው አንተ ለመረጥካቸው ሰዎች የሚጽፈው።

እኔ የወደድኩለት ቀጥሎ ያለውን ነው። እስከ 10 ሰው መምረጥ ትችላለህ፤ ለማን ምን እንደሚደርሰው ደግሞ ለየብቻ ትወስናለህ። ለእኔ ፎቶዎቹን ብቻ ስጠኝ። ለወንድሜ የሰነዶቹ ቅጂ ያሉበትን ድራይቭ። ኢሜይልህን ለማንም አለመስጠት ትችላለህ፤ እኔ ብሆን ለማንም አልሰጥም። የመረጥካቸው ሰዎች አካውንትህ ውስጥ አይገቡም። የፈቀድክላቸውን ብቻ ያወርዳሉ። መጨረሻ ላይ «ከዚያ በኋላ አካውንቱ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሱን አንተ አስብበት፤ እኔ ምንም አልልም።

3 ወር የሚለውን ብቻ እንዳትመርጥ። አንተ ስልክ ሲሰለችህ መሳቢያ ውስጥ ከተህ የምትረሳ ሰው ነህ። ደህና ቁጭ ብለህ ሳለ «የአባታችሁ አካውንት ከቆመ ቆየ» የሚል መልእክት ደርሶን ሁላችንም ስንደነግጥ ይታየኛል። 12 ወይም 18 ይሻልሃል።

ብተወውስ ካልክ፣ ያኔ የሚወስነው ኩባንያው ነው። በጉግል ደንብ 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንት ሊጠፋ ይችላል፤ ደንቡ ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ጀምሮ እየሠራ ነው። ከአካውንቱ ጋር ፎቶውም፣ ኢሜይሉም፣ ሰነዱም አብሮ ይሄዳል።

ቴሌግራም ከዚህ ይፈጥናል። ራስህ ካልቀየርከው 18 ወር ያልተከፈተ አካውንት ራሱን ያጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከፍተህ ወደ ታች ብትወርድ ታገኘዋለህ። ረጅሙን ጊዜ ምረጥ። ይሄን ያነሳሁት «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ስንት ነገር እንዳከማቸህ ስለማውቅ ነው። አካውንቱ ከጠፋ እሱም ይጠፋል። የምትሳሳለትን ነገር ሌላም ቦታ አስቀምጠው።

ስለ ስልክ ቁጥርም አንድ ነገር ልንገርህ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ መስመር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ደግሞ ሰውን የሚለዩት በስልክ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የደረሰው ሰው በአንተ ስም ለመግባት መሞከር ይችላል። ሁለቱም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ) የሚባለውን አብራው። ዋትሳፕ ላይ አንተው የምትመርጠው ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ቴሌግራም ላይ ፓስወርድ። የማረጋገጫ ቁጥር ልኬልሃለሁና ንገረኝ የሚል ሰው ቢደውልልህ፣ እኔ ነኝ ቢልህም፣ ዝጋበት።

እግረ መንገድህን ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» የሚለውንም ክፈተው፤ ዋትሳፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» ነው የሚባለው። በአንተ አካውንት የገቡ ስልኮችና ኮምፒውተሮች እዚያ ተዘርዝረዋል። የማታውቀው ካለ አስወጣው። እኔ በየጊዜው አየዋለሁ፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

ፌስቡክ ላይ «ሌጋሲ ኮንታክት» የሚባል ሰው ትመርጣለህ። ያ ሰው የመታሰቢያ ገጹን ይጠብቃል፤ የግል መልእክትህን ግን ማንበብ አይችልም። አይፓድህ ላይም በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። የአፕሉ የሚለየው ለመረጥከው ሰው የሚሰጥ ቁልፍ ስላለው ነው። ሰውየው ቁልፉንም የሞት የምስክር ወረቀትም ማቅረብ አለበት። ያም ሆኖ እዚያ ያስቀመጥካቸው ፓስወርዶች አይደርሱትም። አፕልም ከእኔ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ወረቀት እንደምትወድ አውቃለሁ፤ እሱንም አልከለክልህም። ጉግል አካውንትህ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራህ «ባክአፕ ኮድስ» የሚባሉ 10 ቁጥሮች ይሰጥሃል። ስልክህ ቢጠፋ ከፓስወርድህ ጋር አንዱን አስገብተህ ትገባለህ። እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። እነሱን አትምና ከሰነዶችህ ጋር አስቀምጥ። በፓስወርዶቹ ፈንታ ፋይልህ ውስጥ መግባት ያለበት ወረቀት ይሄ ነው። ፎቶ አንስተህ እዚያው ስልክህ ላይ እንዳታስቀምጠው ብቻ፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ፎቶዎቹን አሁኑኑ በእጄ ላድርጋቸው ካልክ «ጉግል ቴክአውት» አለልህ። ያለህን ሁሉ ጠቅልሎ ማውረጃ ሊንክ ይልክልሃል። የሚሰጥህ ቅጂ ነው፤ ዋናው ካለበት አይነካም። ሊንኩ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ ጊዜው ያልፍበታል፤ ሳትዘገይ በኮምፒውተር አውርደው። ኮምፒውተሩ የራስህ ይሁን፤ ሰው የሚጋራው ላይ አታድርገው። «ስልኬ ሞላ» ላልከው ደግሞ፣ ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ አንድ በአንድ ስትሰርዝ ከስልኩም ከደመናውም (ከጉግል የኢንተርኔት ማከማቻ) ነው የሚጠፋው። የሰረዝከው እዚያው ቅርጫት ውስጥ እስከ 60 ቀን ስለሚቆይ ቶሎ ካወቅክ ትመልሰዋለህ። አንተ የምትፈልገው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ነው። እሱ ባክአፕ የተደረጉትን ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል።

እነዚያ የሌሊት ፍለጋዎችህም በራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል። ጉግል አካውንትህ ላይ «ማይ አክቲቪቲ» ውስጥ በ3፣ በ18 ወይም በ36 ወር ራሱ እንዲሰርዝ ታዘዋለህ። እኔ የራሴን 3 ላይ ነው ያደረግኩት። ምን እንደምፈልግ አትጠይቀኝ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን እንድትጨርሰው አልጠብቅም። ከጉግሉ ጀምር፤ የቀረውን ስደውል አብረን እናየዋለን። ስልኩን አንተ ያዝ፤ እኔ በአፍ ብቻ እነግርሃለሁ።

ማንን ለምን እንደመረጥክ ለእኔ ባትነግረኝም ቅር አይለኝም። ወንድሜን ከመረጥከው ግን ከወዲሁ ንገረው። ስትመርጠው ጉግል ለእሱ ምንም አይጽፍለትም፤ የሚጽፍለት ጊዜው ሲደርስ ነው። የስልክ ቁጥሩን በትክክል አስገባ፤ ማንነቱን የሚያረጋግጡት በእሱ ነው። እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ካልነገርከው አጭበርባሪዎች ናቸው ብሎ ኢሜይሉን ሳያነብ ነው የሚሰርዘው።

የምትወድህ ልጅህ