ነገ ሜዳ ነው ብለሽ አትሩጪ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 6

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ዋልሽ? እግርሽስ?

በስልክ ስነግርሽ «እሺ እማ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ማታ ጋደም ብለሽ አንብቢው፣ እስከ መጨረሻው።

አክስትሽ ዛሬ ጠዋት ደውላ ነበር። ከባሕር ዳር ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት አይታሻለች። «እንፍራንዝን አልፋ ብቻዋን ከፊት ከፊት ትላለች፣ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች» አለችኝ። ቡናው ቀርቦ ነበር፣ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ማነከስሽ አስጨነቀኝ። ብቻሽን ከፊት መሆንሽ ግን አናደደኝ።

ልብ ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ እናሰባስባለን፣ ከጎንደር ባሕር ዳር በእግራችን እንሄዳለን ስትይ አልከለከልኩሽም። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀላል አይደለም። አባትሽ «ቤቷ ቁጭ ብላ ለምና ትላክላቸው» ሲል የተከራከርኩልሽ እኔ ነኝ። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ እኮ» እያለ የሚያወራው እሱ ሆኗል። ይሁን።

ነገ ከአዲስ ዘመን ወረታ ናችሁ አሉ። መሪያችሁም «ነገን እንደ ዕረፍት ቁጠሩት» ብሏችኋል። እውነቱን ነው፣ የእንፍራንዙ ዳገትና ቁልቁለት አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ፎገራ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። እኔ ግን ከመንገዱ ሁሉ የምፈራው የነገውን ነው። ሜዳ ነው ብለሽ አትሩጪ። ዳገት ላይ ሰው ሳይወድም ቀስ ይላል፣ ይጠባበቃል። ሜዳ ላይ ሁሉም በየእግሩ ልክ ይበታተናል።

በ1985 17 ዓመቴ ነበር። ከአያትሽ ጋር ለገና ላሊበላ ልንሳለም በእግር ተነሳን። ስለት ነበረባት፤ በአጎትሽ ምክንያት መሆኑን ታውቂያለሽ። እስከ ወረታ መንገዱ ይኸው አሁን የምትሄጂበት ነው፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ የውሃውን ጀሪካን ሁሉ እኔ ተሸከምኩ። ልጅ ነኛ! ዳገቱን በሙሉ ከአጠገቧ ሳልለይ ሄድኩ። ማክሰኚት ላይ፣ እንፍራንዝ ላይ እጇን ይዤ ነው የሄድነው።

አዲስ ዘመንን አልፈን ሜዳው ሲገጥመን ከሌሎች ተሳላሚዎች ልጆች ጋር ተያያዝን። እየዘፈንን፣ እየተሽቀዳደምን። አያትሽ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አለችኝ። ሂጂ ስትለኝ ሄድኩ። የርብ ድልድይ ስንደርስ አረፍን፣ በሶ በጠበጥን፣ ጠጣን፣ ሳቅን። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ተሳላሚው ሁሉ እየመጣ ያልፋል፣ እሷ የለችም። ጀሪካኑን ልሸከም ሳነሳ ነው የደነገጥኩት። ውሃው እኔ ጋ ነው። ስንቁም፣ መለወጫ ጨርቁም እኔ ጋ ነው።

ወደ ኋላ ሮጥኩ። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ይዛ። ውስጥ እግሯ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፣ አቧራና ደም ሆኗል። አልተቆጣችኝም። ያለችኝ «ውሃ ይዘሻል?» ብቻ ነው።

በማግስቱ እግሯ አብጦ አልረግጥ አለ። በጭነት መኪና ተለምነን ጎንደር ተመለስን። ላሊበላን ሳታይ ነው ያረፈችው፣ ነፍሷን ይማረው። ለአባትሽ «ታማብኝ ተመለስን» ነው ያልኩት እስከ ዛሬ። አንቺም እንዳትነግሪው።

ያኔ ሜዳው ሣርና የፎገራ ላም ነበር። ዛሬ ሩዝ በሩዝ ሆኗል፣ አጨዳ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ያምራል፣ ፎቶ ላንሳ ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ከአስፋልቱ ሆነሽ አንሺ። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እግር ይውጣል፣ ቁርጭምጭሚትሽን ታጥፊዋለሽ።

እግርሽን በሚመለከት። ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈነጂው፣ መርፌና ክር የሚልሽንም አትስሚ። ራሱ ከፈነዳ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው፣ ፕላስተር ለጥፊበት። ጠዋት ጣቶችሽ መሐል ቫዝሊን ተቀቢ። ካልሲሽ በላብ ከራሰ ቁሚና ቀይሪ፣ እርጥብ ካልሲ ነው የሚልጠው። «ቀላል ቀን ነው» ብለሽ ሰንደል ጫማ አታድርጊ! ደግሞ በግራ ጠርዝ ሂጂ፣ አይሱዙው ፊት ለፊትሽ እየመጣ እንድታይው።

ጾሙን በተመለከተ እኔ ምንም አልልም። የንስሐ አባትሽን ደውለሽ ጠይቂ። በሶ ግን አይለይሽ፣ ጨውም ጨምሪበት።

ሜዳ ነው ብለሽ አትሩጪ አልኩሽ። ጎበዝ መሆንሽን ሁላችንም አውቀናል፣ አክስትሽም አይታለች። ነገ ከኋላ ሁኚ። ከመካከላችሁ ዝግ የሚለው ማነው? ያቺ መነጽር ያላት ጓደኛሽ ናት? ከእሷ ጋር ሂጂ። «ሂጂ፣ እደርሳለሁ» ብትልሽም እንዳትሰሚያት። ከመነሳታችሁ በፊትም ውሃው ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ።

የርብ ድልድይ ስትደርሺ ደውዪልኝ። ድልድዩ ላይ ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው።

500 ብር በሂሳብሽ አስገብቻለሁ። ካልሲ ግዢበት፣ ሁለት ጥንድ፣ የጥጥ ሳይሆን ወፍራሙን። ለዚያች ልጅም አንድ ግዢላት።

እናትሽ