ከወርቁ ይልቅ ገሉ፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ሠራ። ቁፋሮ ስለ ጥንታዊ ግብፃውያን ኑሮ ምን ይነግረናል? ርዕሱን የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። እንደ ብዙው ሰው እነሱንም የሳባቸው የቱታንክሃሙን ወርቅ፣ የነገሥታቱ ደረቅ አስከሬንና ፒራሚዱ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንደሠራን ግን ዴር ኤል መዲና የምትባል ትንሽ መንደር አገኘን፤ ከዚያ ወዲያ ወርቁን ያነሳ ሰው የለም።

ዴር ኤል መዲና ያለችው ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ በናይል ምዕራብ፣ በረሃው ውስጥ ነው። ነዋሪዎቿ በነገሥታት ሸለቆ የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በአጥሩ ውስጥ 68 ያህል ቤቶች ነበሯት። ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. በ1906 የሥራ አለቃው የካ እና የሚስቱ የሜሪት መቃብር ሌባ ሳይነካው እንዳለ አገኘ። አልጋው፣ የበፍታው ልብስ፣ የሜሪት ዊግ፣ ዳቦው ሳይቀር ዛሬ ቱሪን ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ ፈረንሳዊው በርናር ብሩዬር ከ1922 እስከ 1951 መንደሯን ቆፈረ። ከእሱ ግኝቶች ሁሉ ለእኛ የበለጠብን የቆሻሻ ጉድጓዱ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፍ ያለባቸው ገሎችና የኖራ ድንጋይ ስባሪዎች ወጥተውበታል። መጻፊያው ፓፒረስ እንደልብ ስለማይገኝ የመንደሯ ሰው የዕለት ጉዳዩን በገል ላይ ይጽፍና ሲጨርስ ይጥለው ነበር።

ከመንደሯ የወጣ ሌላ እንዲህ ያለ ስባሪ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በፈርዖኑ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈ ነው። ምን መሰላችሁ? የቀሪ መዝገብ! የሠራተኛው ስም፣ የቀረበት ቀን፣ ከላይ ደግሞ በቀይ ቀለም ምክንያቱ ተጽፏል። ሴባን ጊንጥ ነድፎታል። አንዱ ዓይኑን አሞታል። ሌላው ቢራ ሲጠምቅ ውሏል። የዘመድ አስከሬን ሲገንዝ የቀረ አለ። ፔንዱዋ ደግሞ ከኾንሱ ጋር ሲጠጣ ነበር። ይህን ዝርዝር አባላቱ በጠዋት ሰልፍ ላይ ሲያነቡት ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ ነገር ጠየቀች፤ «ማን ነበር የሚጽፍላቸው?» ያ ጥያቄ ወደ መንደሯ ጸሐፊዎች፣ ከዚያም ወደ ደመወዝ ጉዳይ ወሰደን።

ደመወዛቸው ስንዴና ገብስ ነበር። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት ቀለቡ ዘገየ። ሠራተኞቹ «ርቦናል፤ ከወሩ 18 ቀን አልፏል» ብለው ሥራቸውን ትተው ወጡ፤ ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ልብስ የለም፣ ዘይት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም፣ ለፈርዖን ይነገርልን አሉ። በጽሑፍ ከሚታወቁት የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ታሪኩን የያዘው ፓፒረስም ቱሪን ነው ያለው። ልጆቹ በወላጆች ቀን በጭውውት አሳዩት። ጥሩ ሠርተውታል። ጸሐፊውን አሜናክትን የተጫወተው ልጅ በባለሥልጣናቱና በጓደኞቹ መካከል የተወጠረ ሰው አድርጎ ነው ያቀረበው፤ እኔም ሰውየው እንደዚያ የነበረ ይመስለኛል።

ክበባችን ረጅሙን ክርክር ያካሄደው ግን በናውናክቴ ኑዛዜ ላይ ነው። ናውናክቴ በአምስተኛው ራምሴስ ዘመን የኖረች የመንደሯ ሴት ናት። ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ፣ የፈርዖን አገር ነፃ ሴት ነኝ፣ ስምንት ልጆች አሳድጌ ቤት አስይዣለሁ፣ አሁን ግን ሳረጅ አልጦሩኝም አለች። የጦራት ይወርሳል፤ ያልጦራት ከእሷ ድርሻ ምንም አያገኝም። ግማሾቹ አባላት «ደግ አደረገች» አሉ። የቀሩት እናት በልጆቿ መካከል መለየት የለባትም ብለው ሙግት ገጠሙ። በሁለት ስብሰባም አልተቋጨም። እኔ ከናውናክቴ ጋር ነኝ። ለማንኛውም የሴቲቱን የግል ንብረትና በሸንጎ የመናገር መብት እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚያሳይ ማስረጃ ከነገሥታቱ ሐውልት ላይ አይገኝም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እኛም ቆፈርን። ርዕሰ መምህሩ ፈቅደውልን ከአሮጌው ሻይ ቤት ጀርባ ባለው የቆሻሻ ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሲባጎ ከለልን። በትንሽ አካፋ፣ በብሩሽና በወንፊት እየሠራን እያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻ መዘገብን። ቆርኪ፣ እስክሪብቶ፣ የሲኒ ስባሪ ወጣ። ከዚያ አንድ ስሙኒ ተገኘ፤ 1969 ዓ.ም. ይላል። ልጆቹ ጮኹ፤ ንብርብሩም የ1969 ነው ተባለ። ትንሽ ወረድ እንዳልን ሲም ካርድ የተነቀለበት ፕላስቲክ ብቅ አለ። ሁሉም ዝም አሉ። ሳንቲሙ የተቀረጸበትና የወደቀበት ጊዜ እንደሚለያይ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያቺ ፕላስቲክ አስተማረቻቸው። በግብፅም እንዲሁ ነው። የፈርዖኑ የሣልሳዊ ቱትሞስ ስም ያለባቸው የጢንዚዛ ቅርጾች እሱ ከሞተ ከመቶዎች ዓመታት በኋላም ይሠሩ ነበር። ስሙን ብቻ አይቶ ዘመን የሚቆርጥ ሰው ይሳሳታል። ቆፋሪ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የተኛበትን አፈር የሚመዘግበው ለዚህ ነው። መቃብር ዘራፊ ዕቃውን ሲወስድ የሚያጠፋውም ይህንኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ አይመለስም።

ታላቁ ፒራሚድ ያለበትን የጊዛን ጉዳይ ባጭሩ ላንሳ። ፒራሚዱን ባሮች ገነቡት የሚለው ወሬ እኛም ክፍል ውስጥ ነበር። ማርክ ሌነርና ዛሂ ሐዋስ የመሯቸው ቁፋሮዎች ግን የሠራተኞቹን ሰፈር፣ የዳቦ መጋገሪያቸውን፣ የበሉትን የከብትና የፍየል አጥንት፣ እዚያው ከፒራሚዱ አጠገብ የተቀበሩበትን መቃብር አወጡ። ከአጽሞቹ መካከል ተሰብሮ በደንብ የተጠገነ አጥንት አለ። አካሚ ነበራቸው ማለት ነው። ሥራው ከባድ እንደነበር ግን ያው አጥንት ይመሰክራል።

አንድ ነገር ግን ለአባላቱ ደጋግሜ ነግሬአለሁ፤ እዚህም ልበለው። ዴር ኤል መዲና ግብፅን ሁሉ አትወክልም። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው በዚያች መንደር ከሌላው ቦታ ይበዛ ነበር፤ ቀለባቸውም ከመንግሥት ነው። አብዛኛው ግብፃዊ ገበሬ ነበር። የገበሬው የጭቃ ጡብ ቤት ደግሞ ወይ ከዛሬዎቹ መንደሮች ሥር ነው፣ ወይ ናይል ባመጣው ደለል ተሸፍኗል። የዚያ ደለል አብዛኛው ከእኛው ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነው። መቃብሩ ግን ደረቅ በረሃ ላይ ስለሆነ ቆየ። ግብፃውያን ሞትን ብቻ የሚያስቡ ሕዝብ መስለው የሚታዩን በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ዓመቱን የዘጋነው በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ባለው ጥንታዊ ወደብ፣ በመርሳ ጋዋሲስ ነው። ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አክሱም ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ የቆፈሩ ሊቃውንት ናቸው። በኋላ በዚህ ወደብ ዋሻዎች ውስጥና ደጃፍ ላይ እንደተጠቀለለ የቀረ የመርከብ ገመድ፣ ትል የበላው የመርከብ ሳንቃና ወደ 40 የሚጠጉ የእንጨት ሣጥኖች አገኙ። ከሣጥኖቹ በአንዳንዱ ላይ በአራተኛው አመነምሃት ዘመን የተጻፈ «የፑንት ድንቅ ነገሮች» የሚል ጽሑፍ አለ። ግብፃውያን በመርከብ ይሄዱባት የነበረችውን የፑንትን አገር ብዙ ሊቃውንት ዛሬ ምሥራቅ ሱዳን፣ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ ባሉበት አካባቢ ያስቀምጧታል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ስለ ሌላ ማውራት አቁመዋል።

ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ርዕስ ፑንት ነው። ምዝገባው በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይካሄዳል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅድሚያ አላቸው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጉድጓድም እንቀጥላለን። ጠንካራ ወንፊት ሊያውሱን የሚችሉ ወላጆች ካሉ በልጆቻቸው በኩል ይላኩልን።